ጠመንጃ ሐኪም አይደለም

የፍራንዝ ፋኖን «የምድር ጎስቋሎች» መጀመሪያ እጄ የገባው በፎቶ ኮፒ ነው። ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ጠርዙ የተበላ፣ አንዳንድ ገጹ ጠቁሮ የወጣ የእንግሊዝኛ ቅጂ ነበር። ስለ ኃይል የሚያወራው የመጀመሪያው ምዕራፍ ሳይጎድል አለ፤ ከእኔ በፊት ያነበቡት ሰዎች በቀይና በሰማያዊ እስክሪብቶ አስምረውበታል፣ በኅዳጉም ላይ ቃል አጋኖ ደርድረውበታል። ከዚያ በኋላ ምንም የለም። መጽሐፉ እዚያ ላይ የሚያልቅ ይመስለኝ ነበር። ከዓመታት በኋላ ሙሉውን ሳገኝ ግን ከመደምደሚያው በፊት አንድ ረጅም ምዕራፍ አየሁ፤ ጀግና የሌለበት፣ በሽተኛ የሞላበት። ያነበብኩበትን ሌሊት አልረሳውም፤ ተታልዬ እንደኖርኩ ነው የተሰማኝ።

ግማሽ ጥራዝ የደረሰኝ እኔ ብቻ አልነበርኩም። ሐና አረንት እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ ኃይል ባሳተመችው ድርሳን በሰፊው የተነበበው የመጀመሪያው ምዕራፍ ብቻ እንደሚመስል፣ ፋኖን ራሱም ከአድናቂዎቹ ይልቅ በኃይል ላይ ጥርጣሬ እንደነበረው ታዝባለች። ከዚያ ወዲህ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ አልፏል፤ ንባባችን ግን እዚያው ነው። (ዓ.ም. ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በዚህ ቁራጭ ላይ የቆመው እምነት የሚለው ይህን ነው፦ ቅኝ ግዛት የተገዢውን ነፍስ አዋርዷል፤ ውርደቱን የሚያጥበው የገዢው ደም ነው፤ የተገዛ ሰው ጠመንጃ ሲያነሳ ከአገሩ ጋር ራሱንም ያድናል፣ ፍርሃቱ ይለቀዋል፣ ጎብጦ የነበረው ቀና ይላል፣ ሰው ይሆናል። ይህን በዩኒቨርሲቲ አዳራሽም፣ በካፌም፣ በየስልኩም ሲባል እሰማለሁ። የሚናገሩት ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ብዙዎቹ የተበደለ የሚያንገበግባቸው ናቸው። ግን ተሳስተዋል፤ ስሕተታቸውም ሰው ይገድላል።

አስቀድሞ አንድ ነገር ይታወቅልኝ። የተገዛ ሕዝብ የመዋጋት መብት የለውም የምል አይደለሁም። ፈረንሳይ አልጄሪያን መውረር የጀመረችው በ1830 ነው። ለም መሬቱ ለሰፋሪ ተከፋፈለ። ከ1881 ጀምሮ በተደነገገው የተወላጆች ሕግ አልጄሪያዊው ያለ ፍርድ ቤት ሊቀጣና ሊታሰር ይችል ነበር። በሜይ 8 ቀን 1945፣ ዓለም የናዚን መውደቅ ሲያከብር፣ የሴቲፍ ከተማ ሰው የአልጄሪያን ባንዲራ ይዞ ወጣ፤ ተተኮሰበት፤ በቁጣ አንድ መቶ ያህል አውሮፓውያን ተገደሉ፤ ከዚያ ወታደሩና የታጠቀው ሰፋሪ በሴቲፍና በጌልማ ዙሪያ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ፈጀ። በ1948 ምርጫ ተፈቀደ ተባለ፤ ኮሮጆው በግላጭ ተሰረቀ። ይህን ሁሉ ቀምሶ በኖቬምበር 1 ቀን 1954 የተነሳን ሕዝብ፣ ሌላ በር ነበረህ ልለው አልችልም። በሩን ሁሉ የዘጉበት እነሱ ናቸው።

ነገር ግን መብት ሌላ፣ መድኃኒት ሌላ ነው። እግሩ ተቆርጦ ሕይወቱ የተረፈ ሰው መቆረጡ ግድ ሆኖበት ነው፤ እግር ግን አልበቀለለትም። እኔ የምከራከረው መቆረጡን ፈውስ ብለው ከሚጠሩት ጋር ነው።

ለዚህ ምስክሬ ሌላ ማንም ሳይሆን ፋኖን ራሱ ነው። በ1925 በማርቲኒክ ተወለደ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለነጻ ፈረንሳይ ተዋግቶ ቆሰለ፤ በሊዮን ሕክምና ተማረ፤ በኖቬምበር 1953 ከአልጀርስ ደቡብ ምዕራብ ባለችው በብሊዳ ከተማ የአእምሮ ሆስፒታል ውስጥ የክፍል ኃላፊ ሐኪም ሆኖ ገባ። ጦርነቱ ሲጀመር በአንድ ጣሪያ ሥር ተገራፊውንም ገራፊውንም ያክም ነበር። በ1956 መጨረሻ የመልቀቂያ ደብዳቤውን ጻፈ፤ በ1957 መጀመሪያ ከአገር ተባረረ፤ ቱኒስ ሄዶ ከብሔራዊ ነጻ አውጪው ግንባር ጋር እየሠራ ማከሙን ቀጠለ። ያ የጎደለው ምዕራፍ የዚያ ሁሉ ጊዜ የሕሙማን መዝገብ ነው።

አንዱ ታማሚ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። የነጻ አውጪው ሠራዊት ተዋጊ ነው። እናቱን አንድ የፈረንሳይ ወታደር ከቅርብ ተኩሶ ገድሎበታል፤ ሁለት እህቶቹን ወደ ጦር ሰፈር ወስደዋቸዋል። አንድ ቀን ሁለት አልጄሪያውያንን የገደለ ሰፋሪ ቤት በሌሊት ይሄዳሉ። ሰውዬው የለም፤ ሚስቱ ብቻ አለች። ሴትዮዋ እንዳይገድሏት ለመነች። ልጁ ሲያያት እናቱ ትዝ አለችው። ቆይቶ ግን በቢላ ገደላት። እንግዲህ በእምነቱ መሠረት ይህ ልጅ መዳን ነበረበት፤ የእናቱን ደም መልሷል፣ የገዢውን ወገን ጥሏል። የሆነው ግን ሌላ ነው። ሌሊት ሌሊት አንዲት ሴት ሆዷ ተቀዶ እየመጣች ደሜን መልስ ትለው ጀመር፤ ቀጥሎ ሴቶቹ በዙ፤ ክፍሉን ሞሉት፤ ሁሉም ያችው ሴት ናቸው። ደሙ ከሰውነቱ እየተንጠፈጠፈ የሚያልቅ ይመስለው ነበር። ሐኪሙ የተሻለ መድኃኒት አላገኘለትም። ለሳይንስ ሰው የማይመጥን ቢመስልም፣ የተሰነጠቀውን ማንነት የሚያክመው ጊዜ ብቻ እንደሆነ ጽፎ አለፈ።

ይህን ያነበበ ሰው ከዚያ በኋላ ደም ያጥባል ማለት እንዴት ይችላል? ያ ልጅ ደም ሲያጥበው ሳይሆን ደም ሲጠየቅ ነው የምናየው።

ሌላውን ታሪክ ፋኖን ያሰፈረው በምዕራፉ መግቢያ ላይ ነው፤ ለእኔ ከሁሉ የከበደኝ እሱ ነው። ሰውየው ቀደም ብላ ነጻ የወጣች የአንዲት አፍሪካ አገር አርበኛ ነው። በድርጅቱ ትእዛዝ፣ ዘረኞች ይሰበሰቡበታል በተባለ ካፌ ቦምብ አጥምዶ አሥር ሰው ሞቷል። በሠራው ሥራ አልተጸጸተም፤ ነጻነትም መጥቷል። ግን በየዓመቱ ያ ቀን ሲደርስ እንቅልፍ ይከዳዋል፤ ጭንቀቱ ራሱን እስከ ማጥፋት ሐሳብ ያደርሰዋል። ከነጻነት በኋላ ከቀድሞዋ ገዢ አገር ሰዎች ጋር ተዋውቆ ወዷቸዋል፤ እነሱም ለአገሩ ነጻነት ደስ ብሏቸው ስለ ጀግንነታችሁ እንኮራባችኋለን ብለውታል። ያን ጊዜ ነው ምድር የዞረችበት፦ ከነዚያ ከአሥሩ መካከል እንደነዚህ ያለ ሰው ነበረ ይሆን? እዚህ ላይ የሚደንቀኝ የሰውየው ጽናት ነው። ዓላማውን አልካደም፤ ሕሊናውንም አልገደለም። ሁለቱን ተሸክሞ ወደ ሐኪም መጣ። የደም ውዳሴ ግን ለእንዲህ ያለ ሰው ቦታ የለውም፤ ለሱ ጀግና ወይ ይድናል፣ ወይ ከሃዲ ነው።

በመዝገቡ ውስጥ ሁለት ሕፃናትም አሉ፤ አሥራ ሦስትና አሥራ አራት ዓመት የሆናቸው፣ በዕረፍት ቀን አብሮ የሚጫወት አውሮፓዊ ጓደኛቸውን በቢላ የገደሉ። አልተጣላቸውም፣ አልበደላቸውም። አውሮፓውያን ዐረብን ሁሉ ሊጨርሱ ነው ብለው አምነዋል፤ ትልልቆቹን መግደል አይችሉም፤ እሱ ግን በዕድሜ እኩያቸው ነው። የአንደኛው ሁለት ዘመዶች፣ በሪቬ መንደር ወንዶች ከየአልጋቸው ተጎትተው በተፈጁበት ሌሊት ሞተዋል፤ ለዚያ ግድያ የታሰረ ፈረንሳዊ አለ ወይ ብሎ ሐኪሙን ይጠይቃል። የሕፃኑ ጥያቄ መልስ የሌለው ጥያቄ ነው። ያን ጥያቄ ያስተማረው ቅኝ ግዛት ነው፤ ይህን ማንም እንዲያለዝበው አልፈልግም። ግን ከሁለቱ ሕፃናት ውስጥ በዚያች ቢላ ሰው የሆነው የትኛው ነው?

ገዳይነት ነፍስን የሚያጠነክር ቢሆን ኖሮ ደግሞ የፖሊስ መርማሪው ከሁሉ ጤነኛ በሆነ ነበር። እሱም ከታማሚዎቹ አንዱ ነው። ሲገርፍ ውሎ ማታ ቤቱ ሲገባ ሚስቱንና ልጆቹን ይደበድባል፤ ሐኪሙን የለመነው ሥራውን ያለ ጸጸት እንዲቀጥል እንዲረዳው ነበር። ሌላው ፖሊስ በሆስፒታሉ ቅጥር ግቢ ሲንሸራሸር ራሱ የገረፈውን አልጄሪያዊ ታማሚ ድንገት አይቶ ብርክ ያዘው። ተገራፊው ደግሞ ከዚያ በኋላ ጠፋ፤ ሊወስደኝ መጥቷል ብሎ ሽንት ቤት ውስጥ ራሱን ሊያጠፋ ሲል ተደረሰበት። አንዱ በዳይ ነው፣ አንዱ ተበዳይ፤ በፍርድ ሚዛን ፈጽሞ እኩል አይደሉም። በአንድ ግቢ ውስጥ ያንቀጠቀጣቸው ግን አንድ ክፍል ውስጥ የሆነው ነገር ነው።

እርግጥ ነው፣ ፋኖን በመጀመሪያው ምዕራፍ ኃይል ግለሰቡን እንደሚያነጻ ጽፏል። ይህን ልሸሽገው አልፈልግም፤ አልተረዱትም ብዬም አላመልጥም። የመረጠው የፈረንሳይኛ ቃል ከሆስፒታል የተወሰደ ነው፤ መርዝን ከሰውነት ማውጣት ማለት ነው። ግን ጸሐፊው ፋኖን የተናገረውን ሐኪሙ ፋኖን አላረጋገጠለትም። በመዝገቡ ውስጥ ገድሎ የዳነ አንድ ታማሚ የለም። እኔ ከሁለቱ ሐኪሙን አምናለሁ፤ ምክንያቱም እሱ የጻፈው ፊት ለፊቱ ተቀምጦ የሚንቀጠቀጠውን ሰው እያየ ነው።

በዚህ ላይ ለመጽሐፉ መቅድም የጻፈው ዣን ፖል ሳርትር ከፋኖን አልፎ ሄደ። አውሮፓዊን የገደለ ተገዢ ጨቋኙንም አስወግዷል፣ ራሱንም ነጻ አውጥቷል የሚል ሐሳብ በታላቅ ብዕር አስፋፋ። ሳርትር ለአልጄሪያ ነጻነት የቆመ፣ ለዚያም ቤቱ በቦምብ የተመታ ሰው ነው፤ ድፍረቱን አከብራለሁ። ያችን ሴት ሌሊት ሌሊት የሚያየው ግን እሱ አልነበረም።

አሁን የደም ውዳሴ ከየት እንደመጣ ልናገር፤ ወዳጆቼን የሚያስቆጣው ይህ ነው። አንቷን ፖሮ የሚባል የአእምሮ ሐኪም በአልጀርስ አንድ የሕክምና ትምህርት መሥርቶ ነበር። እሱና ተከታዮቹ ለአሥርተ ዓመታት ያስተማሩት፣ የአልጄሪያ ተወላጅ በአንጎሉ አሠራር ምክንያት ስሜቱን መግታት የማይችል፣ በተፈጥሮው ገዳይ መሆኑን ነው። በኬንያ የሠራው ጆን ካሮተርስ ደግሞ በ1953 በዓለም የጤና ድርጅት በታተመ ሥራው አፍሪካዊውን የፊት አንጎሉ ከተቆረጠ አውሮፓዊ ጋር አመሳሰለው፤ በዓመቱ የኬንያ ቅኝ መንግሥት ስለ ማው ማው ዐመፅ ሥነ ልቦና አስጠናው። መሬት የተነጠቀ ገበሬ ሲያምፅ በሽታው ያለው ከመሬቱ ላይ ሳይሆን ከራስ ቅሉ ውስጥ ነው ተባለ።

ፋኖን ይህን ትምህርት ከሥሩ ነቀለው። አልጄሪያዊው በረሃብ ታጥሮ ሲኖር ከገዢው ጋር አይገናኝም፤ በየቀኑ የሚያገኘው በዱቤ ዱቄት የሚሸጥለትን ባለሱቅና እንደሱ የተራበውን ጎረቤቱን ነው፤ ስለዚህ ቢላው ወደዚያ ይሄዳል አለ። ትግሉ ሲፋፋም እርስ በርስ መገዳደሉ እንደቀነሰ ጻፈ። ተፈጥሮ ቢሆን ኖሮ በምን ይቀንሳል?

እንግዲህ የቅኝ ግዛቱ ሐኪም ግድያ በተፈጥሮው ውስጥ አለ አለ። የዛሬው አወዳሽ ደግሞ በግድያ ተፈጥሮው ይመለስለታል ይላል። የመጀመሪያው የጠላውን ሁለተኛው ወደደው እንጂ ምስሉን አልቀየረውም። ተገዢው በሁለቱም ዘንድ ሥጋና ቢላ ብቻ ነው፤ የማይጸጸት፣ የማያለቅስ፣ ሌሊት የማይባንን። ለነጩ መኮንን ሕልምና ቅዠት ተፈቅዷል፤ ለጥቁሩና ለዐረቡ አርበኛ ግን ተከልክሏል። ይህን ክብር ብለው ሲያቀርቡልኝ አልቀበልም። የፖሮ ስድብ ነው፤ ልብሱን ቀይሮ የመጣ።

ግን የታገለ ሰው ቀና አላለም ወይ ይሉኛል። ብሏል! እንዴት እንደሆነ ለማየት ግን ፋኖን በ1959 ስለ አልጄሪያ አብዮት ያሳተመውን መጽሐፍ ማንበብ ይበቃል። እዚያ ስለ ሬዲዮ አንድ ምዕራፍ አለ። አልጄሪያዊው ሬዲዮን የገዢው አፍ ነው ብሎ ከቤቱ አርቆት ኖሯል። የታጋዮቹ ጣቢያ መሰማት በጀመረ ጊዜ ግን ድሃውም ሬዲዮ ፍለጋ ወጣ። ፈረንሳዮች ሞገዱን አፈኑት። ሰዎች ማታ አንድ ክፍል ታጭቀው ይቀመጣሉ፤ አንዱ ጆሮውን ከሣጥኑ ላይ ለጥፎ ከጩኸቱ መካከል የለቀማትን ቃል ለሌሎቹ ይነግራል፤ ያልተሰማውን አብረው ይሞሉታል፤ ይከራከሩበታል፤ ሲነጋ የአገራቸውን ወሬ ያወቁ ሰዎች ሆነው ይወጣሉ። በዚያ ክፍል ውስጥ ማንም አልሞተም። ጎብጦ የኖረው ሰው ግን እዚያ ቀና አለ። ቁስለኛ ማስታመም የተማረችው ልጅ፣ አባቷ ሳያዝዛት መልእክት ያደረሰችው እህት፣ ሰፈሩን ያደራጀው የወደብ ሠራተኛ፣ እነዚህ ሁሉ ከፍርሃት የወጡት የሚያምናቸውና የሚጠብቃቸው ሰው በማግኘታቸው ነው። የአንድነትን ፍሬ ለቢላው መስጠት ለነሱም ግፍ ነው።

የደም ውዳሴ ሌላም ጥፋት አለው፤ ጠመንጃ የያዘውን ከሁሉ ጤነኛ አድርጎ ይሾመዋል። መግደል የሚያነጻ ከሆነ ብዙ የገደለ ብዙ የነጻ ነው፤ እሱን የሚጠይቀው ማን ነው? በሜይ 1957 የግንባሩ ታጣቂዎች በሜሉዛ አካባቢ፣ ተቀናቃኝ የነጻነት ድርጅትን ደግፋችኋል ብለው ሦስት መቶ ያህል የገጠር ሰዎችን ፈጁ። አልጄሪያዊ አልጄሪያዊን። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ፣ ፖለቲካው ከወታደሩ በላይ ይሁን ያለው አባን ራምዳን ሞሮኮ ውስጥ በገዛ ጓዶቹ ታንቆ ተገደለ። የግንባሩ ጋዜጣ ኤል ሙጃሂድ ከወራት በኋላ በጦር ሜዳ ወደቀ ብሎ አወጣ። ፋኖን የአባን ወዳጅ ነበር፣ ለጋዜጣውም ይጽፍ ነበር፤ በአደባባይ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ፋኖንን እወደዋለሁ፤ ይህን ዝምታውን ግን ልሸፍንለት አልችልም። እሱ በሠላሳ ስድስት ዓመቱ፣ በዲሴምበር 1961፣ ነጻነቱን ሳያይ በደም ካንሰር ሞተ። አልጄሪያ በጁላይ 1962 ነጻ ወጣች፤ ሥልጣኑ ከድንበር ማዶ ተጠናክሮ በጠበቀው ሠራዊት እጅ ወደቀ፤ በ1965 የሠራዊቱ መሪ ቡመዲየን ፕሬዚዳንቱን ቤን ቤላን ገለበጠው። በኦክቶበር 1988 ያው ሠራዊት በገዛ አገሩ ወጣቶች ላይ ተኮሰ። በ1990ዎቹ የእርስ በርስ ጦርነት ከመቶ ሺህ በላይ ሰው አለቀ። ይህ ሁሉ የመጣው በአንድ ሐሳብ ነው አልልም፤ ዘይቱም፣ ዕዳውም፣ የከሸፈው ምርጫም አለበት። ግን ስምንት ዓመት በደም የታጠበ ትውልድ ነጽቷል ላሉኝ፣ ንጹሑን አሳዩኝ የማለት መብት አለኝ።

እኛ ኢትዮጵያውያን ቅኝ አልተገዛንም፤ የአምስት ዓመት የጣሊያን ወረራ ግን አይተናል፣ ሐሳቡም ከእኛ ሩቅ አይደለም። ፋኖን በተማሪዎቹ ንቅናቄ ውስጥ ይነበብ ነበር፤ ከንቅናቄው መካከል የተወሰኑት አልጀርስ ድረስ ሄደው ተቀምጠዋል። በ1969 ዓ.ም. ሊቀ መንበር መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በአብዮት አደባባይ ቀይ ፈሳሽ የተሞሉ ጠርሙሶችን ሰባብረው ሲያሳዩ የተነገረን፣ አብዮቱ በጠላቶቹ ደም እንደሚጸና ነበር። ከዚያ የተረፈውን ትውልድ እናውቀዋለን። ብዙዎቹ እናቶቻችንና አባቶቻችን ናቸው፤ በር በድንገት ሲንኳኳ ፊታቸው የሚለወጠው እነሱ ናቸው።

ከዚያ ቀደም ግን ሌላ ነገር ነበረን። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገቡ ሕዝቡ ክፉን በክፉ እንዳይመልስ አዘዙ። የየካቲት 12ን ጭፍጨፋ ያየ ሕዝብ ሰማቸው። ብዙ ጣሊያን እዚሁ መካኒክና ግንበኛ ሆኖ ኖረ። የጎደለን በቀል አልነበረም፤ የጎደለን ፍርድ ነው። ያን ጭፍጨፋ ያስፈጸመው ግራዚያኒ በኋላ በአገሩ ፍርድ ቤት የተፈረደበት ከጀርመኖች ጋር በማበሩ እንጂ ስለ ኢትዮጵያ አይደለም፤ ብዙም ሳይታሰር ወጣ፤ በ2012 በአፊሌ ከተማ መታሰቢያ ተሠራለት። ያ መታሰቢያ የሚያቆስለኝ ግራዚያኒ ባለመገደሉ አይደለም። የሠራው ሥራ በስሙ ስላልተጠራ ነው።

አማርኛ ደም መመለስን ያውቃል፤ ደም ማድረቅንም ያውቃል። ሁለተኛው ከባድ ነው፤ ሽማግሌ ይፈልጋል፣ ካሳ ይፈልጋል፣ ገዳዩ በአደባባይ ገድያለሁ እንዲል ይፈልጋል። ፈረንሳይ እንኳ የአልጄሪያውን ጦርነት በሕግ ጦርነት ብላ የጠራችው በ1999 ነው፤ በ1957 በፈረንሳይ ወታደሮች ተይዞ ለጠፋው ለሞሪስ ኦደን መንግሥቷ ኃላፊነቱን ያመነው በ2018 ነው።

ፈውስ ምን እንደሚመስል ለማየት ወደ ሐኪሙ ልመለስ። ፋኖን ብሊዳ እንደደረሰ አውሮፓ የተማረውን ሕክምና ሞከረ። በአውሮፓውያን ሴቶች ክፍል ሠራለት፤ በሙስሊም ወንዶቹ ክፍል ግን ከሸፈ። ሰዎቹ ዝም ብለው ተቀመጡ፤ ዘፈኑም፣ በዓሉም፣ ጋዜጣውም የነሱ አልነበረም። ከረዳቱ ከዣክ አዙሌ ጋር ሆኖ ይህን ውድቀት በ1954 ሳይሸሽግ ጻፈው፤ ጥፋቱን በታማሚዎቹ ላይ አልለጠፈም። ከዚያ ታማሚዎቹን ጠየቀ። በግቢው ውስጥ እንደ አገራቸው ልማድ የቡና ቤት ተከፈተ፤ የእስልምና በዓላት መከበር ጀመሩ፤ ተረት ነጋሪ ከውጭ ይመጣላቸው ጀመር፤ የኳስ ሜዳም ተሠራ። ለወራት አንድ ቃል ሳይተነፍሱ የቆዩ ሰዎች ስኒ ይዘው ጎን ለጎን ተቀመጡ፣ ማውራትም ጀመሩ።